አለቃ የሚበላው ወንበር

የእሳት አደጋ ጣቢያው ሦስት አለቆች ተራ በተራ ሞቱ። አንዳቸውንም እሳት አልነካቸውም። ሦስቱም ጡረታ ሳይደርሱ፣ በካንሰር፣ አልጋቸው ላይ ነው ያረፉት።

በአለቃው ቢሮ ውስጥ አንድ ባለ ቆዳ ወንበር አለ። የጣቢያው ሰዎች ተመካከሩና ገዳዩ እሱ ነው አሉ። ሌላ ተጠርጣሪ አልነበራቸውም።

አራተኛው አለቃ የተሾመ ዕለት እንደ ደንቡ የሟቹን ካፖርት ለበሰ። ካፖርቱ ከአለቃ ወደ አለቃ ይተላለፋል እንጂ አይታጠብም። የስንቱን ቃጠሎ ጥቀርሻ ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ክብሩም ይኸው ነው። የራሱን ካፖርት ያጠበ አንድ ባልደረባቸው «ሙሽራው» የሚል ስም ወጥቶለት እስከ ዛሬ አልለቀቀውም።

የአለቃውን ሚስት ያስጨነቃት ግን ወንበሩ ነበር።

«እዚያ ነገር ላይ ብትቀመጥ አልምርህም! ይህችን ልጅ ብቻዬን ላሳድግ ነው?»

«ኧረ ተይ! በአጠገቡም አላልፍ።»

ቃሉን ጠበቀ። ቆሞ ይፈርማል፣ ቆሞ ምሳውን ይበላል፣ ቆሞ ይቆጣል። ስብሰባ ሲረዝም ግድግዳ ተደግፎ ያንቀላፋል። እግሩ አብጦ ጫማው እምቢ ሲለው ሰፋ ያለ ገዛ። ማታ ቤቱ ሲገባ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ዘፍ ይላል። ትንሿ ልጁ ካፖርቱ ውስጥ ገብታ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስዳትም። «አባዬ አባዬ ይሸታል» ትላለች።

ከዚያ ማሳል ጀመረ።

«ተቀምጠሃል!» አለች ሚስቱ።

«ተቀምጬ ከሆነ ልጄ ትሙት!»

«እንግዲያው ከሩቅም ይሠራል ማለት ነው» አለችና አለቀሰች።

ነገሩ እዚህ ላይ ሲደርስ ወንበሩ ይቃጠል ተባለ። ቅዳሜ ጠዋት ግቢው መሃል አወጡት፤ የአለቃው ሚስትም ልጇን ይዛ ልታይ መጣች። ከእሳት አጥፊዎቹ አንዱም ክብሪት አልያዘም፤ ከጎረቤት ተዋሱ። ቆዳው ጥቁር ጭስ እየተፋ ነደደ። ጭምብሎቹ መኪናው ላይ ናቸው፤ ለወንበር ደግሞ ማን ጭምብል ያደርጋል? ዙሪያውን ከበው እየሳሉ አጨበጨቡ። ሚስቲቱ ልቧ ቅቤ ጠጣ። አለቃውም ልጁ በጠዋቱ ብርድ ስትንቀጠቀጥ አይቶ ካፖርቱን አወለቀና እስከ አፍንጫዋ ድረስ ጠቀለላት።

የሦስተኛው አለቃ ባለቤት ጭሱን አይተው ከመንገድ ማዶ ካለው ቤታቸው እየተጣደፉ መጡ።

«ደግሞ ምን እያቃጠላችሁ ነው?»

«ባለቤትዎን የገደለውን ወንበር ነዋ፣ እትዬ!» አለ አለቃው ኮራ ብሎ።

«ይሄን? እሱ እኮ አንድ ቀን ተቀምጦበት አያውቅም። ከሱ በፊት የነበሩትን ገደለ ሲባል ሰምቶ፣ እስኪሞት ድረስ ቆሞ ነው የሠራው።»

ጭብጨባው ቆመ። እሳቸው ልጅቷን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ የካፖርቱን እጅጌ አወቁት። ዳበስ ዳበስ አደረጉትና ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ይሄን ግን ከላዩ አውልቆት አያውቅም።»