የፕሮፌሰሯ ድምፅ

«ይቺ ሴትዮ መቼ ነው የምትጮኸው?»

«ታገስ፣ ትጮሃለች። ሴት አይደለች?»

እንዲህ ወይም ይህን የመሰለ ነገር ከኋላዬ ሲባባሉ ሰማሁ፤ ዘመኑ ርቋል። ጾም ነበር፤ እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቪዲዮ ቤት ተቀምጫለሁ። ፊልሙ ላይ ፕሮፌሰሯ የዋሻውን ጽሑፍ አንብባ ጨረሰችና ችቦዋን አንስታ ወንዶቹን ቀድማ ገባች። እንግሊዝኛን እንደ ውሃ ጠጥቶታል የምንለው አስተርጓሚያችን ከመጋረጃው ኋላ ሆኖ በማይኩ፣ በቀጭን ድምፅ «አድኑኝ!» ብሎ ጮኸ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ከዚያ በኋላ የፊልሙ ሰዎች አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ አስተርጓሚው ግን ዝም።

«አስተርጓሚ! ተኛህ እንዴ?»

ማይኩን አልዘጋውም ኖሯል፤ የሚስቱ ድምፅ መጣ።

«እኔ የነገርኩህ ‹ተከተሉኝ› አለች ብዬ ነው። ‹አድኑኝ›ን ከየት አመጣኸው?»

«ሰው እንዲስቅ ነው፣ ስንዱዬ። አሁን ምን አለች?»

«አልነግርህም።»

«ኧረ ጣሪያው ሊወድቅባቸው ነው!»

«ይውደቅ።»

ሰዉ አግዳሚውን እየገፋ መነሳት ጀመረ።

«እሺ፣ በቃ፣ እንኪ ማይኩን። የእሷን አንቺው ተናገሪ።»