ጾሙን ያልገደፈው አባት

«ከዛሬ ጀምሮ ይቺን ደጃፍ እንዳይረግጧት!»

ይህን ያለችው እስከዳር ናት... ለአማቷ፣ ለእማማ ይርጋነሽ።

ቢቸና ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ።

እማማ ይርጋነሽ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ባሏ ያየህ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ሁሉንም ያያል።

እስከዳር ይህን በውስጥ መስመር ስትልክልኝ «ስማችንን ቀይረህ ጻፈው፣ ግን ምንም እንዳታሳምረው» ብላኛለች። ስማቸውን ቀይሬያለሁ። ማሳመሩን ግን ተዉት... የሚያምር ነገርም የለው።

እስከዳር አስተማሪ ናት። ልጇ ፍሬ ዓመት ከሰባት ወሯ ነው።

አራት ወር ሙሉ የፍሬ ሆድ አልረጋም። ያስቀምጣታል፣ ይነፋታል፣ ሆዷን ይዛ ታለቅሳለች።

የትል መድኃኒት ተሰጣት... ምንም።

ጠበል ተጠመቀች፣ ውሃው ሁሉ እየፈላ ተሰጣት... ምንም።

እኩዮቿ ሲሯሯጡ እሷ ግድግዳ ይዛ ትቆማለች።

በመጨረሻ እስከዳር ልጇን አዝላ ሞጣ ሐኪም ጋ ሄደች።

ዶክተሯ ሁሉንም ጠይቃ እንዲህ አለቻት...

«ምናልባት የላም ወተት አልተስማማት ይሆናል። እርግጠኛ አይደለሁም። ለማወቅ ሦስት ሳምንት ወተት፣ እርጎ፣ አይብ፣ ቅቤ ጨርሶ እንዳትቀምስ። የበላችውን ሁሉ በደብተር ጻፊልኝ።»

«ጠብታ እንኳን?»

«ጠብታ እንኳን። ከቀላቀልሽብኝ ምኑ እንደሆነ አናውቅም።»

ያየህም ጠብታ ወተት ላይሰጣት ቃል ገባላት። እስከዳር ቤቷን እንደ ፈተና ክፍል ጠበቀችው። ምስር፣ እንቁላል፣ ገንፎ በውሃና በኑግ ዘይት... ሁሉም በደብተር ተጻፈ።

በአምስተኛው ቀን የፍሬ ሆድ ረጋ!

እስከዳር ዳይፐር ይዛ እልል አለች። (እናት የሆናችሁ አትስቁም፣ ይገባችኋል።)

በስምንተኛው ቀን ግን... ተመልሶ መጣ። ከበፊቱ ብሶ።

እንደገና ሞጣ። ፍሬ ሚዛን ላይ ወጣች... ኪሎዋ ቀንሷል።

ዶክተሯ ደብተሩን ገጽ በገጽ አየችው።

«ወተት ካልነካች... እንግዲህ ወተቱ አይደለም ማለት ነው። ባሕር ዳር ልላካችሁ። በአፏ ቱቦ ገብቶ አንጀቷ ይታይ።»

እስከዳር በሚኒባስ እያለቀሰች ተመለሰች። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ታስባለች... ማነው ወተት የሚሰጣት?

የምትታለብ ላም ያላቸው እማማ ይርጋነሽ ናቸው።

«ልጅ ያለ ወተት እንዴት ያድጋል?» ያሉትም እሳቸው።

በየቀኑ ፍሬን ሊያዩ የሚመጡትም እሳቸው።

በቃ... አባረረቻቸው። ከላይ ያነበባችሁት እሱን ነው።

አንድ ሳምንት አለፈ። እማማ ይርጋነሽ የሉም። ፍሬ ግን አሁንም ያስቀምጣታል።

ወቅቱ ሁዳዴ ነበር። ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ ያየህ ፍሬን አበላት። ማብላት የእሱ ድርሻ ነው።

ገንፎ ተረፈ። እስከዳር ሳህኑን ወደ እሱ ገፋችለት።

«ጨርሰው፣ ምግብ አይደፋም።»

«አልፈልግም፣ ተይው።»

«ምሳህን አልበላህ... ምን ሆነሃል?»

«አንቺ ደግሞ! ጾም አይደል እንዴ?»

...

ገንፎውን የሠራችው እሷ ናት። በውሃ፣ በጨውና በኑግ ዘይት። ቄስ ቢመጣ ሳይጠራጠር የሚበላው ገንፎ ነው።

«ያየህ... ይሄ ገንፎ ምን አለውና ነው የሚያስገድፈው?»

ያየህ የሥራ ቦርሳውን ወደ ኋላው ገፋ አደረገ።

ቦርሳውን ከፈተችው። የዱቄት ወተት ቆርቆሮ... ግማሹ አልቋል።

«ስትከሳ ማየት አላስቻለኝም! ሁለት ማንኪያ ብቻ ነው የጨመርኩት። መሥሪያ ቤት 'ልጅህ ምን ነክቷት ነው' ሲሉኝ...»

«እናትህን ሳባርር እኮ ቆመህ አይተኸኛል!»

እዚህ ጋ ስደርስ ስልኬን አስቀምጬ ተነሳሁ። እውነቴን ነው፣ ተናደድኩ።

እስከዳር ፍሬን አዝላ ወደ አማቷ ቤት ሮጠች። ጉልበታቸው ላይ ወደቀች።

«እማማ... በድዬዎታለሁ፣ ይማሩኝ።»

«ተነሽ ልጄ፣ ተነሽ። እኔም ወተቱን ሲያማስል አይቸዋለሁ። ተው ብየው ነበር። ትዳራችሁ እንዳይፈርስ ብየ ነው ዝም ያልሁ...»

እስከዳር እጇን ከጉልበታቸው ላይ አነሳች።

«ያውቁ ነበር?»

«አዎ ልጄ...»

«ባሕር ዳር ቱቦ ሊገባባት እንደሆነም ያውቁ ነበር?»

እማማ ይርጋነሽ አንገታቸውን ደፉ።

እስከዳር ይቅርታ ልትጠይቅ ሄዳ... ሁለተኛ ተከድታ ተመለሰች።

ከያየህ ተለይታ ሦስቱን ሳምንት እንደ አዲስ ጀመረች። ብቻዋን አብስላ፣ ብቻዋን አብልታ። የፍሬ ሆድ ረጋ። ዶክተሯ እያየች ትንሽ ወተት ሲሞከርላት ተመልሶ መጣ... ወተቱ ነበር! ባሕር ዳርም ቀረ። ዛሬ ፍሬ ትሮጣለች።

(ኮሜንት ላይ «እኔም ልጄን ወተት ላቁም» የምትሉ... ቆይ! የሆድ ነገር ሁሉ ወተት አይደለም። መጀመሪያ ሐኪም ጠይቁ።)

ከዚህ የተማርኩትን ልንገራችሁ...

ያየህ ለፈጣሪ የገባውን ጾም አንዲት ማንኪያ ሳያጎድል ጠበቀ። ለሚስቱ የገባውን ቃል ግን በየቀኑ በማንኪያ ገደፈው። ልጁን ይወዳታል፣ አልክድም። ግን ሐኪም የሚያክመው እኛ በነገርነው ነው። እኛ ከዋሸን የሚታመመው ልጁ ነው።

አሁን ያየህ ሽማግሌ ልኳል። እስከዳርም መልስ ሳትሰጥ የእናንተን ሐሳብ ልታነብ እየጠበቀች ነው...

እናንተ ብትሆኑ ትመለሱለታላችሁ? ደግሞስ... ደብቆ ከሰጠው አባትና እያዩ ዝም ካሉት አያት የማን ይብሳል?