የልጆች ብዛት

ሳብሪያ የችግረኛ ልጆች አሳዳጊ ለመሆን ፎርም ስትሞላ፣ «በቤቱ ያሉ ልጆች ብዛት» በሚለው ላይ «አንድ» ብላ ጻፈች። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ሴት ልጇን ቀብራ የመጣች የወሎ እናት «ልጅ የለኝም» የሚል ቃል ከአፏ አይወጣም።

«ሳብሪያዬ፣ እዚህ አሜሪካ የሞተ አይቆጠርም» አላት ባሏ ሙነወር። «ዜሮ በዪው፤ አለዚያ ዋሻችሁ ብለው ሪጄክት ያደርጉናል፣ ኦኬ?»

እያለቀሰች ሰረዘችው። እናታቸው የታመመችባቸው ሁለት የፌርፋክስ ከተማ እህትማማቾች ነገ እዚህ ቤት ካልገቡ፣ ለየብቻ ወደ ሩቅ ሊላኩ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ከመሥሪያ ቤቱ ቤቱን የምታይ ሴትዮ መጣች። ፍሪጁን ከፍታ አየች፤ ቀጥላም ለልጆቹ ወደተዘጋጀው ክፍል ብቻዋን ገብታ ቆየች። ስትወጣ ፊቷ ጠቁሯል።

«ልጆቹን ልሰጣችሁ አልችልም።»

«ምን ጎደለ? ይንገሩኝ፣ አሁኑኑ አሟላለሁ!» ሳብሪያ እጇን ጨብጣ ያዘቻት።

«ልጅ እንዳላችሁ ደብቃችኋል።»

«የለንም! ወላሂ፣ ልጅ የለንም!»

ሴትዮዋ ወደ ክፍሉ ዞር ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ልጅቷ እንግሊዝኛ አትችልም መሰለኝ። ስሟን ስጠይቃት፣ ልብሷን ገልባ የጎደጎደ ሆዷን አሳየችኝ።»