ዳልቼ ያላወቀችው ትንፋሽ

«ጭጋጉን የሳበችን ሴት ላሟ አታውቃትም» ይላሉ ጎረቤቴ እትዬ አመለወርቅ። ቦኖ ውሃ ወረፋ ላይም፣ ለቅሶ ቤትም ይህንኑ ይደግሙታል። እኔ ግን ፊደልን ያለ አስተማሪ የቆጠርኩ ሰው ነኝ፤ በወሬ አልነዳም።

የሳንባ ካርታ የሌለው ሰው ወተት እንዳይሸጥ ከተከለከለ ወዲህ በዓመት አንዴ ጤና ጣቢያ ሄደን ከማሽን የሚወጣ ጭጋግ እንስባለን። ማሽኑ ጭጋጉን ተከትሎ የአየር ቧንቧችንን ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ይስላል። እኔም ሳብኩ፣ ትንሽ አሳለኝ፣ ተመለስኩ።

ላሜ ዳልቼ ጥጃዋ ከሞተባት ጀምሮ ወተቷን የምትለቀው ለእኔ ብቻ ነበር። ትንፋሼን አሽትታ ነው የምትታለበው። በማግስቱ አሸተተችኝና የማልብበትን ጮጮ በእርግጫ አሽቀነጠረችው።

«አላልኩሽም? ነጠላሽን አፍሽ ላይ ጠምጥሚና እለቢያት» አሉኝ እትዬ አመለወርቅ በአጥሩ ላይ።

«እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኜ ላም አላልብም፣ እትዬ። ጤና ጣቢያ የሰጡኝን ወረቀት አንብቤዋለሁ፤ ስለ ላም አንድም ቃል የለበትም።»

«የጻፈው ሰውዬ አልቦ ያውቃል?»

ጮጮዬን አንስቼ ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ዳልቼ አላስጠጋ አለችኝ። የዳልቼ ጡት አብጦ እንደ ድንጋይ ጠጠረ፤ መቆምም አቃታት። ጭጋጉን በሳብኩ በዘጠነኛው ቀን የሥጋ ቤት ሰዎች መጥተው ወሰዷት። ጮጮውን አጥቤ ሰቀልኩት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ካርታዬን ልወስድ ሄድኩ። ሳንባዬ ንጹሕ ነው፤ ወተት መሸጥ ተፈቅዶልኛል።

«የትንፋሽሽ ሽታ ተመለሰ አይደል?» አለችኝ ነርሷ ማኅተም እየመታች። «በአሥረኛው ቀን ይመለሳል። በሳብሽ ቀን ከሰጠንሽ ወረቀት ጀርባ ተጽፏል።»

ወረቀቱን ከመቀነቴ አውጥቼ ገልብጬ አየሁት። ተጽፏል።