ሥጋ የታጠበበት ውሃ

ሰው እየተመታ እንዴት አይጮህም?

ልጅቱ ይህን ጥያቄ ከልጅነቷ ጀምሮ ይዛው ኖራለች። ቤታቸው ከሉካንዳው ጀርባ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ሱቁ ተዘግቶ ወላጆቿ ወደ መኝታ ክፍላቸው ሲገቡ በሩ ከውስጥ ይቀረቀራል። ከዚያ ምቱ ይጀምራል። ሥጋ ላይ የሚያርፍ ደረቅ ድምፅ፣ የሚሰበር ዕቃ፣ ከግድግዳ የሚላተም ገላ። ጩኸት ግን የለም። እሷ ፊቷን መጽሐፏ ላይ ደፍታ ያንኑ መስመር ደጋግማ ታነባለች።

አባቷ ሥጋ ሻጭ ነው። ሰፈሩ «በሬው» ይለዋል። የበሬ ጭን ብቻውን ተሸክሞ ይገባል፤ ወፍራሙን አጥንት በአንድ የመጥረቢያ ምት ለሁለት ይከፍለዋል። ሌሎቹ ሥጋ ሻጮች በሙቀት በካናቴራ ሲሠሩ እሱ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ እፍ ቢሏት የምትወድቅ ሴት። ጨርቅ የምትለካበት የእንጨት ሜትር ቶሎ ቶሎ እየተሰበረ ሌላ ትገዛለች።

ሰፈሩ በማን እንደሚፈርድ ያውቃል። ጎረቤታቸው ዳቦ ሻጯ ሥጋ ልትገዛ በመጣች ቁጥር በነገር ትወጋዋለች።

«ያን ክንድህን ለበሬ አድርገው» አለችው አንድ ቀን፣ ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ። «የሰው አጥንት ስስ ነው።»

በሬው አንገቱን ደፋ። ሥጋዋን መዝኖ፣ ከላይ ምራቂ ጨምሮ ሰጣት። ሰዎቹ ተጠቃቀሱ። ጥፋተኛ መቼ ቀና ብሎ ያያል፣ ተባባሉ።

አንዳንድ ቀን ሉካንዳው ሳይከፈት ይውላል። ጠጥቶ አድሮ ነው ይባላል። እናትየው ግን ያን ቀንም በጠዋት ተነስታ የስፌት መኪናዋ ላይ ትቀመጣለች። የእጇን አንጓ በጨርቅ አስራ ስትሰፋ ያዩ ሴቶች ከንፈራቸውን ይመጣሉ።

ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የላቦራቶሪ ትምህርት ተማረች። አሁን በአንድ ሆስፒታል ሽንት ትመረምራለች። ጓደኞቿ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው የሰው ሽንት ልትጠብቂ ነው እያሉ ይስቁባታል። እሷም ትስቃለች። ሥራዋን ግን ትወዳለች፤ ከሁሉም በላይ ኩላሊት ያስገርማታል። ጭብጥ የሚያክሉ ሁለት ወንፊቶች፣ ከመጨረሻዎቹ የጎድን አጥንቶች ሥር፣ ወደ ጀርባ ተሸሽገው። ደም ሌት ተቀን በእነሱ ያልፋል። ቆሻሻውንና ትርፉን ውሃ ይለቃሉ፣ ለሰውነት የሚያስፈልገውን መልሰው ያስቀራሉ። የለቀቁት በሁለት ቀጭን ቱቦዎች ወርዶ ፊኛ ውስጥ ይጠራቀማል። ጤነኛ ወንፊት ደም አያሾልክም። ጀርባ በኃይል ሲመታ ግን ወንፊቱ ይቀደዳል፤ ደሙም ከሽንቱ ጋር ይወርዳል። አፍ የደበቀውን ሽንት ያወጣዋል።

አንድ እሑድ ከሰዓት ከሥራ ስትመለስ ቤቱ ተገለባብጦ አገኘችው። የመስታወት ስባሪ ወለሉን ሞልቶታል። ግድግዳው ላይ ደም ተረጭቷል፤ አንድ ጥርስ ከነሥሩ አልጋው አጠገብ ወድቋል። እናቷ ፀጉሯ ተበትኖ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። አባቷ ጥግ ቆሞ፣ የሠራው ሥራ እንዳስደነገጠው ሰው፣ አፉን በመዳፉ ይዟል።

«እማ፣ ይሄ ነገር የሚያበቃው ሰው ሲሞት ነው?»

«የባልና የሚስት ነገር ነው» አለች እናቷ። «አንቺን ምን ጥልቅ አደረገሽ?»

ልጅቱ መጥረጊያ ልታመጣ ሽንት ቤት ገባች። ውሃ ያልተለቀቀበት ሽንት ነበር። ቀለሙ ሥጋ የታጠበበት ውሃ ይመስላል። የማን ነው ብላ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

በማግስቱ ዘዴ ፈጠረች። ለሠራተኛ ቤተሰብ ነፃ ምርመራ አለ ብላ ሁለቱንም ሆስፒታል ወሰደቻቸው፤ አንዱን ብቻ ብትጠራ ሌላው ነገሩ ይገባዋል። እናቷ፣ እኔ ምን ሆንኩና ነው፣ ጨርቄን ጥዬ የመጣሁት እያለች ናሙናዋን ሰጥታ ወጣች። አባቷም ሰጠ። ሁለቱ ብልቃጦች ጠረጴዛዋ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አንደኛው እንደ ገለባ ብጫ፣ ጥርት ያለ። ሌላኛው ሥጋ የታጠበበት ውሃ።

የተለጠፈውን ስም አነበበች። ደግማ አነበበች። በማይክሮስኮፑ ስታይ ቀይ የደም ሕዋሳት እንደተደፋ ምስር ተዘርግተዋል። ውጤቱን ለሐኪሙ አሳየችው።

«ይሄ ኩላሊት ተቀጥቅጧል» አላት ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንድ ደህና ምት ቢጨመርበት ይፈነዳል። ያኔ ደሙ የሚፈሰው ወደ ውስጥ ነው፤ እስኪታወቅ ድረስ ነፍስ ትወጣለች። ዛሬውኑ አልጋ ይያዝ።»

ወደ መጠበቂያው ሮጠች። አግዳሚው ባዶ ነበር። ወላጆቿ ተነስተው ሄደዋል።

ልጅቱ ብቻዋን ወደ ቤት አልገባችም። በመንገዷ ካለው ጣቢያ አንድ ፖሊስ ይዛ ደረሰች። ሲገቡ መኝታ ክፍሉ ተቀርቅሯል፤ ምቱ ይሰማል። አሁንም ጩኸት የለም። ፖሊሱ በሩን በትከሻው ሲገነጥለው ግርግሩን የሰሙ ጎረቤቶች ከኋላው ግልብጥ ብለው ገቡ።

እናትየው ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብላ ታለቅሳለች። የእንጨት ሜትሯ ለሁለት ተሰብሮ እግሯ ሥር ወድቋል። በሬው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ላቡ በፊቱ ይወርዳል፤ ሸሚዙ እንደተለመደው እስከ አንገቱ ተቆልፏል።

«አላልኳችሁም?» አለች ዳቦ ሻጯ። «እሰርልን ይሄን አውሬ።»

ፖሊሱ ካቴናውን አወጣ። በሬው ሁለት እጁን ዘረጋለት።

ልጅቱ መሃላቸው ገባች፤ አባቷን በትከሻው ይዛ ወደ ግድግዳው አዞረችውና፣ ሸሚዙን ከጀርባው ገልጣ የእንጨት ሜትሩ ያወጣበትን ሰንበር ለሁሉም አሳየች።