የሞቱማ እንቅልፍ

«ማንኮራፋት እኮ በሽታ አይደለም፣ ኦቦ ሞቱማ» አለ ሐኪሙ የግፊት መለኪያውን ከክንዱ ላይ እየፈታ። «በሽታ ቢሆን ኖሮ የአምቦ አባወራ በሙሉ እዚህ ተኝቶ ነበር።»

ሞቱማ ከልቡ ሳቀ። ባለቤቱ ዶርቃስ ግን አልሳቀችም። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ከጎኑ እንደቆመች ነው።

«ዶክተር፣ እኔን ያስጨነቀኝ ማንኮራፋቱ አይደለም። ሲያቆም ነው። ትንፋሹ ጭራሽ ይጠፋል። ቀርጬዋለሁ፤ ማሎ፣ አንዴ ብቻ ይዩልኝ።»

«ደሙ ንጹህ ነው፣ ልቡም ደህና ነው። ድካም ነው የሚሆነው። ትንሽ ክብደት ይቀንሱ፣ ማታ ማታ ከበድ ያለ ነገር አይብሉ።» ሐኪሙ በር ላይ የተኮለኮለውን ሰው በአገጩ አሳያት። «ወረፋውን እያየሽው ነው።»

ሌላ የሚጨመር ነገር አልነበረም። ባለፈው ያየው ሐኪም የደም ማነስ ኪኒን ሰጥቶ ሸኝቷቸዋል፤ ከዚያ በፊት የነበረው ደግሞ «ጭንቀት ነው» ብሏል።

ኮሪደር ላይ ሲወጡ ሞቱማ ቀለል አለው። ሾፌር ነው፤ መምህራንን ከጉደር አምቦ የሚያመላልስ ሰርቪስ ይነዳል። ባለፈው ወር ቁልቁለቱ ላይ ዓይኑ ተከድኖ ጎማው ከአስፋልቱ ሲወጣ፣ ያነቃው የመምህራኑ ጩኸት ነበር። ዶርቃስ ያንን ከሰማች ወዲህ ነው እየጎተተች የምታመጣው።

«በይ እንሂድ። ደህና ነው ተብያለሁ።»

«አንተስ አይተኸዋል?» አለች አግዳሚው ላይ ቁጭ እያለች።

«ምኑን? የራሴን ማንኮራፋት?»

ስልኩን ዘረጋችለት። እንዳትቀየመው ያህል ተቀብሎ ነካው።

አንድ ሰው በጀርባው ተጋድሟል፤ አፉ ተከፍቷል። ዳገት የያዘ የጭነት መኪና የመሰለ ድምፅ ያሰማል። ሞቱማ ፈገግ አለ። ድንገት ድምፁ ተቆረጠ። ስልኩ ቆሞበት መስሎት በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። አልቆመም፤ ከአልጋው በላይ መጋረጃው ይወዛወዛል። የቆመው ሰውየው ነው።

ደረቱ ለመነሳት ይታገላል፣ ሆዱ ይሸመቀቃል፣ አየር ግን አይገባም። ገመድ አንገቱ ላይ ገብቶ እጁን ማንሳት ያቃተው ሰው ይመስላል። ፊቱ ጠቆረ።

ሞቱማ ሳያውቀው የራሱንም ትንፋሽ ይዞ ኖሯል። ሳንባው ተቃጠለ፣ ጆሮው ጮኸ። መቋቋም ሲያቅተው አፉን ከፍቶ አየር ሳበ።

ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው አልሳበም። ገና ነው።

«ይሄ... እኔ ነኝ?»

በምስሉ ላይ የዶርቃስ እጅ ከዳር ገብቶ የሰውየውን ትከሻ ጨበጠ። «ሞቱማ! ተንፍስ! ተንፍስ እንጂ!» ሰውየው ከውሃ ውስጥ እንደተጎተተ ሁሉ አጓርቶ አየር ማገ፣ በጎኑ ዞረና ማንኮራፋቱን ቀጠለ። ዓይኑን እንኳ አልገለጠም።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ሁልጊዜ።»

«ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?»

«ነግሬህ ነበር እኮ። ትስቃለህ።»

ሞቱማ ተነሳ። ወረፋ ጠባቂዎቹ ሲንጫጩበት ዞር ብሎም አላየ። ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሸሚዛቸውን ገልጠው ቆመዋል። «ይቅርታ አባቴ» አለና ስልኩን ሐኪሙ ፊት አስቀመጠ። «ምንም አልልዎትም። ይዩት ብቻ።»

ሐኪሙ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ድምፁ ሲቆረጥ አፉን ዘጋ። ጎንበስ አለ። ሽማግሌውም ሸሚዛቸውን እንደገለጡ አንገታቸውን አስግገው ማየት ጀመሩ።

«ውይ! ሞተ እንዴ?» አሉ በድንጋጤ።

«አልሞተም አባቴ። እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ስልኩን አዩ፣ ቀና ብለው እሱን አዩ፣ አማተቡ። የሐኪሙ ፊት አመድ መስሏል። ያ ሁሉ የወረፋ ጥድፊያው የት እንደገባ እንጃ።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ሾፌር ነኝ። የመምህራን ሰርቪስ።»

«ሲተኙ ጉሮሮዎ እየተዘጋ ነው የሚመስለኝ» አለ ሐኪሙ። «የእንቅልፍ ምርመራ ያስፈልግዎታል። እኛ ጋ የለም፤ አዲስ አበባ እልክዎታለሁ። አስተኝተው ትንፋሽዎን በመሣሪያ ይከታተላሉ። እስከዚያ ድረስ መሪ አይጨብጡም።» ብዕሩን አነሳና ሳይጽፍ ቆየ። «ቅድም ባለቤትዎ ስትለምነኝ ማየት ነበረብኝ።»

ሞቱማ እዚያው እንደቆመ ስምሪት ክፍል ደወለ። «ነገራ፣ ዛሬ ሌላ ሾፌር ፈልግ። አይ፣ መኪናው ደህና ነው። እኔ ነኝ የተበላሸሁት።»

ሲወጣ ዶርቃስ አግዳሚው ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራቷል፣ ራሷ ግድግዳው ላይ ዘንበል ብሏል። አጠገቧ ሕፃን ያለቅሳል፣ ስም ይጠራል፣ በር ይንጓጓል፤ እሷ ግን የለችም። ሞቱማ ቆሞ አያት። ከተጋቡ ጀምሮ ማታ ቀድሞ የሚተኛው እሱ ነው፣ ጠዋት ቀድማ የምትነሳው እሷ ናት። ተኝታ አይቷት አያውቅም።

«ወንድሜ፣ ቀስቅሳትና ለኛም ቦታ ይገኝ» አለችው ሕፃን የታቀፈች ሴት።

«እኔ እቆማለሁ፣ እህቴ። እሷን ተያት።»

ሴትዮዋን በዶርቃስ ጎን አስቀምጦ፣ ከወዲህ በኩል ግድግዳው ሥር ቁጢጥ አለ። የሰው እግር እየተሻገረው ያልፋል። ጆሮውን ወደ ዶርቃስ ፊት አስጠግቶ ትንፋሿን አዳመጠ።

ገባ። ወጣ። ገባ። ወጣ።