አልዘጋ ያለው በር

በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ የቤቱን በር በዘሩ ቀለም ይቀባ ነበር። ማን ከየትኛው ዘር እንደሆነ የሚወስነው መዝገብ ቤቱ ሲሆን፣ ሰንጠረዡንም በየጊዜው ይከልሰዋል። የወይዘሮ ይርገዱ በር ቀለም ተደራርቦበት ከመወፈሩ የተነሳ አልዘጋ ካለ ቆይቷል፤ ማታ ማታ በበርጩማ ነው የሚደገፈው።

ሐሙስ ጠዋት የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የቀለም ቆርቆሮ አንጠልጥሎ መጣ።

"እማማ፣ በአዲሱ ሰንጠረዥ እርስዎ ቢጫ ሆነዋል። የልጅ ልጅዎ ሄርሜላ ደግሞ ሰማያዊ። ሁለት ዘር በአንድ በር ስለማይገባ ልጅቷ ዛሬውኑ ወደ ሰማያዊዎቹ ሰፈር ትዛወራለች።"

 እናቷ ከሞተች ወዲህ ወይዘሮ ይርገዱ ይህችን ልጅ ከዓይናቸው አርቀዋት አያውቁም። የሽንኩርት ቢላዋቸውን አነሱና የበሩን ጠርዝ ፋቅ ፋቅ አደረጉ።

"ና እየው ልጄ። ስወለድ አረንጓዴ ነበርኩ። ስዳር ሰማያዊ አላችሁኝ። የዚችን እናት ስወልድ ቀይ። ደሜ ግን ያው አንዱ ደም ነው። ታዲያ የተለዋወጥኩት እኔ ነኝ ወይስ ሰንጠረዣችሁ?"

ሠራተኛው የተላጠውን ቀለም በጥፍሩ ነካካው።

"የእናቴም በር አይዘጋም" አለ ቀስ ብሎ። ቆርቆሮውን ወደ ጎን አስቀመጠና፣ "ሌላ ቢላዋ አለዎት?" ሲል ጠየቃቸው።

በሩ ሲፋቅ የሰሙ ጎረቤቶችም እየወጡ የየራሳቸውን ይፍቁ ጀመር። ወይዘሮ ይርገዱ "እጅሽን እንዳትቆረጪ" እያሉ ሄርሜላን መቆሚያ መቀመጫ አሳጧት።

እኩለ ቀን ላይ መንደሩ እንጨት እንጨት ሸተተ። ወይዘሮ ይርገዱ በራቸውን ገፋ አደረጉት። ግጥም ብሎ ተዘጋ፤ ሄርሜላም ከውስጥ ነበረች።